«ባዮሎጂ ደረሰኝ»

የሕይወት ሳይንስ መስክ ምርጫ ከሐራ ቆላ ሲታይ

የዲፓርትመንት ድልድል የተለጠፈ ሰሞን ነበር። ከወልድያ ወደ ቆላው ወረድ ብላ በምትገኘው ሐራ፣ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ቤት ቡና ተጠርቼ ተቀምጫለሁ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ መመለሷ ነው። ቡናው ወደ ሁለተኛው ሳያልፍ አንዲት ጎረቤት ገቡና ገና ሳይቀመጡ፣ «እሰይ ልጄ፣ ምን ደረሰሽ?» አሏት።

«ባዮሎጂ ደረሰኝ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡ። «እሱ ደግሞ የምን ሐኪም ነው?»

ልጅቷ ረከቦቱን አየች እንጂ አልመለሰችም። እናቷ ቀደም ብለው፣ «አብሽሪ! ሐኪም ባይሆንም ትምህርት ነው» አሏት። ወሎ ውስጥ «አብሽር» የሚባለው የከፋውን ሰው ለማበርታት ነው። ያን ዕለት ግን ማጽናኛው ራሱ ፍርድ ነበረው። ባዮሎጂ የደረሰው ሰው የሚጽናና ሰው ነው ማለት ነው።

ለዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። «መረጥኩ» የሚል ብዙም አይገጥመኝም፤ ዕጣ እንደወጣለት ሰው «ደረሰኝ» ነው የሚባለው። ለመሆኑ ከሕይወት ሳይንስ መስኮች አንዱን መምረጥ ዛሬ ለአንድ የሐራ፣ የመርሳ ወይም የወልድያ ልጅ ምን ማለት ነው? በሩ ስንት ነው? ከየበሩ በስተጀርባ ያለው ምንድን ነው? ደግሞስ ያልመረጡት መስክ ሲደርስ ምን ይደረጋል?

ሦስቱ በሮች

ነገሩ ከታሪክ ይጀምራል። የሕይወት ሳይንስ ወደ አገራችን ከፍተኛ ትምህርት የገባው በሦስት በር ነው። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባዮሎጂን ከሳይንሶቹ እንደ አንዱ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ወባንና ተቅማጥን የሚከላከሉ የጤና መኮንኖችን ለማውጣት ተነሣ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የዓለማያው የእርሻ ኮሌጅ ዕፅዋትንና ከብትን ይዞ ብቅ አለ። ሦስቱም ስለ ሕዋስ፣ ስለ ዘር ውርስና ስለ ተዋሲያን ያስተምሩ ነበር። ዲግሪውና ክብሩ ግን ለየቅል ሆነ።

ያ አከፋፈል እስከ ዛሬ አለ። በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተውን ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ብንወስድ፣ ባዮሎጂው ከተፈጥሮ ሳይንሶች ጋር፣ ጤናው ለብቻው፣ ግብርናው ደግሞ መርሳ ግቢ ነው። ተማሪው ቅጹን ሲሞላ የሚያየው ዝርዝር በእነዚህ ቤቶች የተከፋፈለ ስለሆነ፣ አንዱን መያዝ ሌሎቹን እስከ ወዲያኛው መተው ይመስለዋል። የወላጅም የጎረቤትም ሐሳብ በዚህ የታጠረ ነው። በአእምሯችን ውስጥ መሰላል አለ፤ ከላይ ሕክምና፣ ከታች ባዮሎጂ፣ ግብርና ደግሞ እዚያው የወጣንበት ማሳ።

ድልድሉ እንዴት ይሠራል?

በ2001 ዓ.ም. ግድም 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ የሚያዘው ፖሊሲ ሲመጣ፣ ከሕክምናና ከምሕንድስና የተረፈውን ሕዝብ የተሸከሙት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስን የመሰሉ ዲፓርትመንቶች ናቸው። «ደረሰኝ» የሚለው ቃል ሥር የሰደደው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ማለትም ፍሬሽማን፣ ተመልሶ መጣ። ዛሬ ተማሪው ጄኔራል ባዮሎጂን፣ ሒሳብን፣ ሳይኮሎጂንና ሌሎች የጋራ ኮርሶችን ወስዶ ነው ዲፓርትመንት የሚመርጠው። ድልድሉ በፍሬሽማን ውጤትና በመግቢያ ፈተና ነጥብ ይሠራል፤ ለሴቶችና ለአንዳንድ አካባቢዎች ድጋፍ ይታከልበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ቀላል ነው። ምርጫው የሚወሰነው ቅጹን በሚሞሉበት ቀን ሳይሆን በፍሬሽማን የመጀመሪያ ወራት ነው። ከገጠር የመጣ ተማሪ አዲሱን ግቢ ለመልመድ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ይፈጅበታል፤ ነጥቡ የሚወርደውም ያኔ ነው።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ወንፊቱ ጠበበ። በመጀመሪያው ዙር ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ለሰሜን ወሎ ልጅ ወንፊቱ ከዚህም ይከብዳል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ውስጥ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል፤ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በኋላም በአግባቡ ሳይከፈቱ የቀሩባቸው ጊዜያት አሉ። እኔም በአንድ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ የምትባል ነገር በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ሌንሱ የቱ ጋ እንደሆነ በቃላቸው ያውቃሉ፤ ዓይናቸውን አሳርፈውበት ግን አያውቁም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናም አለ። ለመመረቅ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ሆኗል፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈተኑት 40 በመቶ ግድም ነበሩ። ይህ ለመራጩ አንድ ነገር ይነግረዋል። ያልወደዱትን መስክ እየተጎተቱ ጨርሶ መውጣት ድሮ ይቻል ነበር፤ አሁን በመጨረሻው ሰዓት ያስከፍላል።

በየበሩ ጀርባ

የጤናውን በር እንመልከት። ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ፣ ነርስነት፣ አዋላጅነት፣ የሕዝብ ጤና። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ሥራውም ከሰው ዓይን የራቀ አይደለም። ሆኖም ድሮ ሐኪም ተመርቆ ሲወጣ ምደባው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር፤ ዛሬ ሥራ የሚፈልግ ሐኪም አለ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዛቸው ላይ ያነሡትን ጥያቄ አገር ሰምቶታል። ሰው ማከም የሚወድ ይግባበት። ለጎረቤት መልስ እንዲሆን ብቻ ለሚገባ ግን የሕክምና ትምህርቱ ረጅም ነው። ከሕክምና ሌላ የላቦራቶሪውን መስክ ማየትም ደግ ነው። በቆላው የወባ ወቅት ጤና ጣቢያ ለሚመጣ ትኩሳታም ልጅ ዕጣ ፈንታውን የሚወስነው ደሙን መስታወት ላይ አቅጥኖ የሚያነበው ባለሙያ ነው።

የግብርናው በር ለዚህ አካባቢ ከሁሉም ይቀርባል፤ ከሁሉም የሚናቀውም እሱ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ፣ የእንስሳት እርባታ፣ የአትክልትና ፍራፍሬ፣ የተፈጥሮ ሀብት። የእንስሳት ሕክምናም አለ፤ ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ትምህርት ቤት አለው። ከአፋር ጋር በሚዋሰነው ቆላ ግመልና ከብት የኑሮ መሠረት ሆኖ ሳለ፣ የእንስሳት ሐኪም መሆንን እንደ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ማየት የከተማ አመል ነው።

የባዮሎጂው በር በመጨረሻ ይመጣል። ብዙዎችን የሚያስፈራው ከሥራ ማስታወቂያ ላይ ስለሚጠፋ ነው። ፋርማሲስት ይፈለጋል፣ ነርስ ይፈለጋል ይባላል፤ «ባዮሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ግን ከሰሌዳ ላይ እምብዛም አይነበብም። እውነቱን መሸሸግ አያስፈልግም። ባዮሎጂን በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ይዞ፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር የወጣ ሰው ይቸገራል። የተለመደው መንገድ መምህርነት ነው፤ የአንድ ዓመቱን የማስተማር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ወስዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግባት። ሌላው መንገድ ሁለተኛ ዲግሪ ቀጥሎ ወደ ማይክሮባዮሎጂ፣ ወደ ባዮቴክኖሎጂ፣ ወደ ነፍሳት ጥናት ወይም ወደ ብዝኃ ሕይወት መሄድ ነው። የባዮሎጂ ዲግሪ ቤት ያልተሠራበት መሠረት ነው። መሠረቱ ላይ የሚተኛ የለም፤ ያለ እሱ ግን ግድግዳ አይቆምም።

አቀንጭራ፦ አንድ አረም፣ አምስት ዲፓርትመንት

እነዚህ በሮች ወደ አንድ ቤት እንደሚያስገቡ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት፣ በሐብሩ ወረዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ1850 ሜትር ላይ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ማዕከሉ ለዓመታት ከታገላቸው ጠላቶች አንዱን የቆላ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል፦ አቀንጭራ።

አቀንጭራ ሐምራዊ አበባው ሲታይ ያምራል። አበባው የታየ ዕለት ግን ማሽላው ተበልቶ አልቋል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፤ ያም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል። ታዲያ ማሽላ እንደተዘራ በምን ያውቃል? ያሸተዋል ቢባል ይቀላል። የማሽላ ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ኬሚካሎችን በጥቂቱ ያመነጫል። የእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሥራ አፈር ውስጥ ያሉ ረዳት ፈንገሶችን መጥራት ነው፤ ፈንገሶቹ ለሥሩ ፎስፈረስ ያቀርቡለታል፣ እሱ ስኳር ይከፍላቸዋል። አቀንጭራ ይህን የወዳጅ ጥሪ ጠልፎ ይሰማል። ይበቅላል፣ ሥሩ ላይ ይጣበቃል፣ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። መሬቱ በደኸየ ቁጥር ማሽላው አብዝቶ ይጣራል፤ ሌባውም አብዝቶ ይመጣል። ገበሬው «አቀንጭራ የሰለቸ መሬት ይወዳል» ሲል ትክክል ነው። ምክንያቱ እዚህ ውስጥ አለ።

ይህን ምሥጢር ይዘው የሠሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። ዓለማያ የዕፅዋት ሳይንስ ተምረው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ዘር አሻሻይ ሆኑ። ጥሪውን በጣም ዝቅ አድርጎ የሚያሰማ፣ አቀንጭራን የማይቀሰቅስ ማሽላ መርጠው ከሌላ መልካም ባሕርይ ጋር አዳቀሉት። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህና ድርቅን ለሚቋቋም ማሽላ ሥራቸው ነው። ከዚያ ምርምር የወጡ ሁለት ዝርያዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ገበሬ ተለቀቁ። አንደኛው ጎብዬ ይባላል። የሁለተኛው ስም አብሽር ነው።

ሐራ ላይ እናትየው ልጃቸውን ለማጽናናት የተናገሩት ቃል ማሳ ላይ የባዮሎጂ ውጤት ሆኖ ቆሟል። ስሪንቃም ከጊዜ በኋላ ብርሃንን የመሳሰሉ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ ከሐብሩዋ ግራና ስሙን የወሰደ ግራና አንድ የሚባል ማሽላም አለው።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም፤ ለመራጩ ዋናው ትምህርትም ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የተሻሻሉት ዝርያዎች ቶሎ የሚደርሱና አጫጭር ናቸው። የወሎ ገበሬ እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉትን ረጃጅም ማሽላዎቹን የሚወደው ለእህሉ ብቻ አይደለም። አገዳው የከብት መኖ ነው፣ አጥር ነው፣ ማገዶ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሸነፈው ዘር ገበሬው ጓሮ ሲደርስ «አገዳህ የታለ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ አንዷን አረም ለማሸነፍ ጥሪውን የሚለይ ኬሚስት፣ ጥሪውን የሚቀንሰውን ዘረ መል የሚያውቅ የዘር ሊቅ፣ አፈሩን የሚያነብ፣ የሙከራ መደቦቹን ውጤት በስታቲስቲክስ የሚመዝን፣ ገበሬው ለምን እንቢ እንዳለ የሚገባውና በቋንቋው የሚያወራው ያስፈልጋል። አምስት ዲፓርትመንት ማለት ነው። ባዮሎጂ በመካከላቸው እንደ ምሰሶ ቆማለች።

ሜጀርና ማይነር

የቀድሞ መምህሮቻችን ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ «ሜጀሬ ባዮሎጂ፣ ማይነሬ ኬሚስትሪ» ይሉ ነበር። ሁለት ትምህርት ማስተማር ስለሚችሉ የትም ቢመደቡ ሥራ አያጡም። ያ አሠራር ዛሬ በአብዛኛው ቀርቷል፤ ተማሪው አንድ ዲፓርትመንት ገብቶ ከአንድ ዲፓርትመንት ይወጣል። እኔ ግን የዚህ ሁሉ ዳሰሳ መቋጫ ማይነሩ ላይ ነው እላለሁ። ዩኒቨርሲቲው ማይነር ካልሰጠ ተማሪው ራሱ ይስጠው። የባዮሎጂ ዋጋ የሚታወቀው ከምን ጋር እንደተጣመረ ነው።

አንደኛው ጥምረት ከስታቲስቲክስና ከኮምፒዩተር ጋር ነው። የዛሬ ባዮሎጂ ግማሹ ቁጥር ነው። የአንድ ቫይረስ ዘረ መል ተነብቦ የሚተነተነው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ የመደብ ሙከራ ያለ ስታቲስቲክስ ወሬ ነው። ነጻ ሶፍትዌሮች ስላሉ አንድ ላፕቶፕና የሁለት ክረምት ትዕግሥት በር ይከፍታል። በተማሪዎቼ እንዳየሁት ባዮሎጂን የሚመርጡት ብዙዎቹ ሒሳብን ሸሽተው ነው፤ ሒሳብን ያልሸሸው ልጅ ስለዚህ ወረፋ የሌለበት ሰልፍ ያገኛል።

ሁለተኛው ከኬሚስትሪ ጋር ነው። የምግብና የመጠጥ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር፣ የውኃ ምርመራ፣ የመድኃኒት ምርት ሁሉ ሁለቱን እጆች ይፈልጋል። ሦስተኛው ከጂኦግራፊና ከካርታ ሥራ ጋር ነው። የበረሃ አንበጣ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የሰሜን ወሎን ቆላ ሲያለብስ፣ መንጋው ወዴት እንደሚሄድ መተንበይ የነፍሳት ዕውቀትንና የካርታ ዕውቀትን በአንድ ላይ የሚጠይቅ ነበር። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም እንዲሁ። አራተኛው ከቋንቋና ከመጻፍ ጋር ነው። ገበሬው የሚሰማው፣ ሚዲያው የሚያነበው፣ ድጋፍ ሰጪ የሚረዳው ጽሑፍ የሚጽፍ ባዮሎጂስት በአገራችን ጥቂት ነው።

ከወንዝ ዳር የተነሡ

በመንገዱ የሄዱትን ማየት ከምክር ይሻላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተሸካሚ ነው። እናቶቻችን ሳሙና አድርገው ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ በሽታውን ከመንገዱ የሚያቋርጥ ሆኖ ተገኘ። ቢልሃርዚያ ዛሬም የሐይቅና የከሚሴ ልጆች በሽታ ነው። ያን የመሰለ ጥያቄ ዛሬም በየወንዛችን ዳር ጠያቂ እየጠበቀ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከሥራ ባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉ፣ በዚያው ዓመት ዶክተር መላኩ ወረደም ተሸልመዋል። እሳቸው የገበሬውን አገር በቀል ዘር ከመጥፋት ለመታደግ የደከሙ የዘር ሊቅ ናቸው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ዕፅዋት አጥንተው፣ የአፍሪካን ገበሬ የዘር መብት በዓለም አቀፍ ድርድር ጠረጴዛ ላይ አቆሙ፤ የእሳቸው ማይነር ሕግ ነበር ማለት ይቻላል፣ ማንም ባይሰጣቸውም። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ከጎጃም ፍኖተ ሰላም ተነሥተው፣ ዓለማያ ተምረው፣ በዕፅዋት በሽታ ምርምር ዓለም ያወቃቸው ሆኑ፤ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከልም መርተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም የመጀመሪያ ዲግሪ ደግሞ ከአሥመራ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ነው፤ መስኩም ባዮሎጂ።

እነዚህ ብርቅ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም እንደነሱ ይሆናል ብዬ ልጆችን አላታልልም። የሚጋሩት ነገር ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም። የዲፓርትመንታቸውን ስም ይዘው አልቆሙም፤ አንድ ጥያቄ ያዙ፣ ለጥያቄው የጎደላቸውን ትምህርት እየጨመሩ ሄዱ።

ቅጹን ለሚሞላ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለመራጩ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ደም ማየት፣ በሽተኛ ማዋራት የሚያበረታህ ከሆነ ወደ ጤናው፤ የአባትህ ማሳ ላይ ያለው ችግር የሚከነክንህ ከሆነ ሳታፍር ወደ መርሳ፤ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከመልሱ ይበልጥ የሚጥምህ ከሆነ ወደ ባዮሎጂ። ቅጹ ላይ ከመጻፍህ በፊት በመስኩ የተመረቀ አንድ ሰው ፈልገህ ሥራው ቦታ ሄደህ አንድ ቀን ዋል። ቢሮው የት ነው? ቀኑን በምን ያሳልፋል? ስሪንቃ ሩቅ አይደለም፤ ጤና ጣቢያም በየቦታው አለ። ደግሞም ዲግሪውን ከመጀመርህ በፊት ማይነርህን ወስን። አራት ዓመት አንድ ላፕቶፕ ለመልመድ፣ አንድ ቋንቋ ለማጥራት፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ በነጻ ለማገልገል ይበቃል።

ወላጆችም ድርሻ አላቸው። «የምን ሐኪም ነው?» የሚለው ጥያቄ ከክፋት የመጣ አይደለም። ሐራ ላይ ሐኪሙን በዓይናችን አይተነዋል፤ የዘር ሊቁን ግን በዘሩ እንጂ በመልኩ አናውቀውም። በልተነው እናድራለን እንጂ ማን እንደሠራው አንጠይቅም።

ያን ዕለት ሦስተኛው ሲቀዳ ለጎረቤቲቱ ስለ አቀንጭራ አወራሁላቸው። ማሽላው በሥሩ ከፍ አድርጎ ሲጣራ አረሙ እንደሚሰማ፣ ዝግ ብሎ የሚጣራ ማሽላ የፈለጉ ሰዎች እንዳሉ፣ ያም ትምህርት ባዮሎጂ እንደሚባል። ሳቁ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞር ብለው፣ «ታዲያ ይሄን ነው የምትማሪው? የኛ ማሳ ላይ ሞልቶልሻል፤ ነይና እይልን» አሏት። ልጅቷም ከረከቦቱ ቀና ብላ፣ «አገዳው ረጅም ሆኖ አቀንጭራ የማይጠራ ቢገኝስ?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። መልሱን ጨርሼ አላውቀውም ነበር፤ እንዲያው አብረን እንይ አልኳት።

አማርኛችን «ደረሰ» የሚለውን ቃል ለዕጣ ብቻ አልተወውም። በዚህ ቆላ መስከረም አልፎ ማሽላ ዛላው ሲከብድ፣ ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ «ደረሰ» ይላል።